ኦዲተሩ ከየት ይጀምር?

ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኤቲኤሞች በሒሳባቸው በቂ ገንዘብ ለሌላቸው ደንበኞች ጭምር መክፈል ጀመሩ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፈጥኖ ተዛመተ፤ ተማሪዎችም በየኤቲኤሙ ደጃፍ ተሰለፉ። አገልግሎቱ እስኪቋረጥ ድረስ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ መንቀሳቀሱን ባንኩ በኋላ ገለጸ። እንደ መግለጫው ከሆነ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ስሕተት ነበር።

ብዙ ጊዜ ጥበቃችን በር ላይ ነው፤ ሌባውን እንጠብቃለን። ፈቃድ ይዞ ከውስጥ ሶፍትዌሩን የሚለውጠውን ባለሙያ ሥራ ግን ማን ይመረምራል? ይህ የውስጥ ኦዲት ድርሻ ነው። ጥያቄውም የባንኮች ብቻ አይደለም።

በጉለሌ፣ ፓስተር አካባቢ፣ የሚገኝ አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ በምናባችን እንውሰድ። ሁለት ኦዲተሮች አሉት፤ ለምርመራ የሚተርፋቸው በድምሩ 300 የሥራ ቀን ነው እንበል። ሁሉን መፈተሽ ስለማይቻል መምረጥ ግድ ይሆናል። የተለመደው ስሌት ጥፋቱ የመድረስ ዕድሉንና የሚያስከትለውን ጉዳት እያንዳንዳቸውን ከ1 እስከ 5 መመዘን፣ ከዚያም ማባዛት ነው። የአንድ ሞኒተር መጥፋት ዕድሉ 4፣ ጉዳቱ 1 ቢሆን ውጤቱ 4 ነው። ያልተፈተነ የሶፍትዌር ለውጥ የአንዱን ታካሚ ውጤት በሌላው ስም ቢመዘግብስ? ዕድሉ 3፣ ጉዳቱ 5፤ ውጤቱ 15 ይሆናል። ይሁንና ሞኒተር መቁጠር ቀላል፣ ከማንም ጋር የማያጋጭ ሥራ በመሆኑ ዓመቱ በቆጠራ ቢያልቅ አያስደንቅም።

በእርግጥ ነጥቦቹ ራሳቸው ግምት ናቸው። ስለዚህ ኦዲተሩ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ከኮምፒውተር ክፍሉ ይልቅ መጀመሪያ ናሙና ተቀባይዋን ቢጠይቅ ይሻላል፦ «ሰርቨሩ አሁን ቢቆም በወረቀት ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ?» መልሱ የጉዳቱን ነጥብ ከማንኛውም ሰነድ ይበልጥ ያስረዳል።

ከፍተኛ ነጥብ ባገኘው የሶፍትዌር ለውጥ ላይ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ለውጡን ማን ጠየቀ? ማን ፈተነው? ማን አጸደቀው? ቢበላሽ ወደ ቀድሞው እንዴት ይመለሳል? ጻፊውም ፈታኙም አጽዳቂውም አንድ ሰው ሆኖ ከተገኘ፣ እስካሁን ጥፋት ባይደርስም ግኝት ነው። የመጠባበቂያ ቅጂም እንዲሁ ነው፤ መኖሩን ማየት አይበቃም፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ መሥራቱ መታየት አለበት።

ከ300ው ቀን 60ውን ያህል ሳይመደብ ማቆየት እንመርጣለን። ላቦራቶሪው በዓመቱ አጋማሽ አዲስ ሶፍትዌር ቢገዛ ነጥቡ እንደገና ይሰላል፤ ምርመራውም ቀን ይፈልጋል።