ከብየዳው ጎን የሚሰበር ብረት

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ የሚጀምረው እዚሁ በመሆኑ ቁልቁለቱ የጭነት መኪና ባሌስትራን ይፈትናል። ተበይዶ የተመለሰ ባሌስትራ እንደገና ሲሰበር ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ብየዳው ራሱ ሳይሆን ከአጠገቡ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ፈንጠር ያለው ብረት ነው። ባለመኪናው በያጁን ይወቅሳል፤ በያጁ ብየዳዬ ደህና ነው ብሎ ይምላል። ሁለቱም አልዋሹም።

በኤሌክትሮዱ ጫፍ ብረቱ ሲቀልጥ ዙሪያው ያለው ብረት ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱን በሰከንዶች ውስጥ ይመጠዋል። ካርቦን ወይም ክሮም የበዛበት ብረት እንዲህ በድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ቀጥቃጭ አግሎ ውሃ ውስጥ እንደነከረው ቢላ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። በዚያ ላይ ብየዳው ሲኮማተር ጎረቤቱን እየጎተተ ይቀራል። ከእርጥብ ኤሌክትሮድ የገባ ሃይድሮጂን ካለ ደግሞ ስንጥቁ ከቀናት በኋላም ሊወጣ ይችላል።

ባሌስትራ ቢሰበር መኪና ይቆማል። በከፍተኛ ግፊት እንፋሎት የሚሸከም ቱቦ ቢፈነዳ ግን ሰው ያልቃል። ስለዚህ ወፍራም ወይም ክሮም ያለበት ቱቦ ከተበየደ በኋላ እንደገና ይሞቃል። በሴራሚክ ዶቃዎች የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መገጣጠሚያው ላይ ይጠመጠማል፣ ሙቀት የሚለኩ ቀጫጭን የቴርሞካፕል ሽቦዎች ቱቦው ላይ ይበየዳሉ፣ ሁሉም በብርድ ልብስ መሰል መከላከያ ይሸፈናል። ተራ የካርቦን ብረት ከ600 እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒ91 የሚባለው 9 በመቶ ክሮም ያለው ብረት ደግሞ ከ730 እስከ 775 ይደርሳል። የተለመደው ልኬት ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት 1 ሰዓት ያህል ነው። በዚህ ሙቀት ብረቱ አቅሙ ስለሚደክም ውስጡ የታሰረው ውጥረት ይረግባል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ችኮላ ከገባበት ውጥረቱ ተመልሶ ይመጣል።

ፒ91 አስቸጋሪ ነው። ከብየዳ በኋላ መጀመሪያ ከ100 ዲግሪ በታች መብረድ አለበት፤ ካልበረደ የውስጥ አወቃቀሩ ለውጥ ሳያልቅ ይሞቅና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ከ800 ዲግሪ በላይ ከወጣም ብረቱ ይበላሻል።

ሁሉም ቱቦ ከብየዳ በኋላ መሞቅ አይፈልግም። የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ቤቶች ዝቅተኛ ግፊት ያለው ስስ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታከም ይሠራል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተመረቀው የረጲ ደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ግን ተርባይን የሚያዞር እንፋሎት እንዲያመነጭ የተሠራ ነውና የማሞቁ ጥያቄ እዚያ በቁም ነገር ይነሳል።

እኔ ብሆን የብየዳውን ውበት ሳላይ የቴርሞካፕሎቹን ልኬት የሚመዘግበው መቅጃ ያወጣውን የሙቀት ወረቀት ነው አምጡ የምለው። ቀጥሎ የጥንካሬ መለኪያው ይመጣል፤ እንደተበየደ ከ400 ቪከርስ ሊያልፍ የሚችለው ፒ91 በአግባቡ ሲታከም ወደ 250 አካባቢ ይወርዳል። ከልክ በላይ ከለሰለሰ ደግሞ ያ ክፍል ተቆርጦ ይወጣና በአዲስ ይተካል።