ዶሮ ብርዱን ትችላለች፣ ጥሙን ግን አትችልም

ዶሮ ውሃ ጠጥታ ወደ ሰማይ ቀና የምትለው ፈጣሪዋን ለማመስገን ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ሥጋዊ ምክንያትም አለው። ዶሮ እንደ ላም ውሃ ስባ መጠጣት አትችልም፤ በመንቆሯ ጥቂት ትጨልፍና አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ውሃውም በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርድላታል። መንቆር የሚነከርበት ክፍት ውሃ ከሌለ እንግዲህ መጠጣት የለም። የጣት ውፍረት ያለው በረዶ ከላይ ከጋረደው፣ ከሥሩ አንድ ባልዲ ውሃ ቢኖርም ለዶሮዋ እንደሌለ ነው።

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ይህ የየዓመቱ ጣጣ ነው። ሚኒያፖሊስም ሆነ ሴንት ፖል ፈቃድ ላወጣ ነዋሪ በጓሮው ዶሮ እንዲያረባ ይፈቅዳሉ። በጃንዋሪ የሚኒያፖሊስ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል። በግዛቲቱ ሰሜን፣ ታወር በተባለች ከተማ አጠገብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ በፋራናይት ከዜሮ በታች 60 መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ውርጭን ያውቀዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደጅ ያደረ ውሃ ስስ በረዶ ለብሶ ሊያገኝ ይችላል። ያንን ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ ታቀልጠዋለች። የሚኒሶታው ብርድ ቀን ከሌት አይለቅም፤ ሳምንት ሙሉ ከዜሮ በላይ የማይወጣበት ጊዜ አለ።

ጀማሪ አርቢ መጀመሪያ የሚጨነቀው ለዶሮዎቹ ሙቀት ነው። ጭንቀቱ ያለ ቦታው ነው። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ላባዋን ስትነፋ በመካከሉ የታመቀው አየር ሙቀቷን ይዞላት ያድራል፤ ቆጥ ላይ ስትሰፍርም እግሯን በሆዷ ላባ ትሸፍነዋለች። ጤነኛና ላባዋ የሞላ ዶሮ ቤቷ ደረቅ ከሆነና ነፋስ ካልመታት ያለ ማሞቂያ ብርዱን ትወጣዋለች። ሙቀቱን የምታመነጨው ግን ከምትበላው ነው፤ ደረቅ መኖ ደግሞ አንገቷ ሥር ባለው ማቆያ ከረጢት ውስጥ በውሃ ርሶ መለስለስ አለበት። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ትጠጣለች፤ ይህም በክብደት የመኖዋ እጥፍ ገደማ ነው። እንቁላሉ ራሱ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ውሃ ስታጣ መብላቷን ትቀንሳለች፣ እንቁላል መጣሏን ታቆማለች፤ ብርዱም እውነትም የሚጎዳት ያን ጊዜ ነው። መሬት ላይ ያለውን በረዶ ለቅማ ትጠጣ የሚሉም አሉ። እሱን ሆድ ውስጥ ማቅለጥ ራሱ ሙቀት ይፈጃል፤ የውሃን ቦታ አይተካም።

ውሃ በቀላሉ በረዶ አይሆንም፤ ይህ ለአርቢው ትልቅ ዕድል ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ የደረሰ ውሃ ወደ በረዶ ለመለወጥ የሚያጣው ሙቀት፣ ያው ውሃ ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ሲቀዘቅዝ ከሚያጣው ጋር ይተካከላል። ስለዚህ ብዙ ውሃ የያዘ፣ ጥልቅና አፈ ጠባብ ዕቃ ከዝርግ ሳህን ይልቅ ብዙ ሰዓት ይቆያል። በመጨረሻ በረዶ ሲሆን ግን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚያብጥ ጠንካራ ፕላስቲክን ይሰነጥቃል።

ኤሌክትሪክ ዶሮ ቤት ድረስ ለሚደርስለት ሰው የተለመደው መሣሪያ የሚሞቅ መቀመጫ ነው። እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሆኖ መጠጫው ከላዩ ይቀመጥበታል። ብዙዎቹ ለቆርቆሮ መጠጫ የተሠሩ ናቸው፤ ለፕላስቲክ የሚሆን መሆኑ ካልተጻፈበት ፕላስቲክ አይቀመጥበትም። ውስጡ ያለው ቴርሞስታት ብርዱ ሲጠና ይከፍተዋል፣ ሲለዝብ ይዘጋዋል። ቴርሞስታት ለሌለው ዕቃ ደግሞ ሶኬቱ ላይ የሚሰካ መቆጣጠሪያ ይሸጣል፤ የተለመደው ዓይነት በ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በርቶ በ7 ዲግሪ ይጠፋል። 125 ዋት የሚወስድ መቀመጫ ሳይቋረጥ ቢሠራ እንኳ በቀን የሚፈጀው 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቴርሞስታቱ ሲያርፍ ከዚያም ያንሳል። ገመዱ ለውጭ የተሠራ ይሁን፤ ሶኬቱም እርጥበት ሲነካው በራሱ የሚቋረጥ ዓይነት ይሁን። ባልዲ ጎን ላይ ተበስቶ የሚገጠምና ዶሮዋ ስትነካው የሚንጠባጠብ መጠጫም አለ፤ ባልዲው ውስጥ ትንሽ የውሃ ማሞቂያ ከተጨመረበት በደንብ ይሠራል። ከባልዲው ሥር ወደ ታች የሚንጠለጠለው ዓይነት ግን ጠብታው ጫፉ ላይ ስለሚቀር ቶሎ ይደፈናል።

ሁሉን አሙቆ ውሃውንም ያድናል ብለው 250 ዋት የሙቀት አምፖል የሚሰቅሉ ሰዎች አሉ። እኔ በጭራሽ አልመክርም። ዶሮ ቤት ማለት ደረቅ ጭድ፣ ሰጋቱራ፣ ላባና አቧራ ነው፤ አምፖሉ ከማንጠልጠያው ከወደቀ ቤቱ በደቂቃዎች ይነዳል። ባይወድቅም፣ ሙቀት የለመዱ ዶሮዎች መብራት በጠፋ ሌሊት ከሌሎቹ የበለጠ ይጎዳሉ።

ኤሌክትሪክ የሌለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ዶሮ በጨለማ ቆጥ ላይ ተኝታ ስለምታድር ሌሊት ውሃ አትጠጣም። መጠጫውን ሲመሽ ወደ ቤት ማስገባት፣ ንጋት ላይ ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ ማውጣት፣ ቀን አንድ ሁለቴ መቀየር ነው። ለዚህ ከጥቁር ወፍራም ጎማ የተሠራ ገበታ የሚስተካከለው የለም፤ ፀሐይ ሲያገኝ ይሞቃል፣ በረዶ ሲሆንም ገልብጠው ቢረግጡት በረዶው ወጥቶ ጎማው ሳይሰበር ይቀራል። ጨው የተሞላ ጠርሙስ ውሃው ላይ ማንሳፈፍም በሰፊው ይወራል። ጨው ግን የሚጠቅመው ለተሟሟበት ውሃ ነው፤ ታሽጎ ጠርሙስ ውስጥ እያለ ውጭ ላለው ምንም አያደርግለትም። ጠርሙሱ ሲንቀሳቀስ ስሱን በረዶ ትንሽ ያዘገይ ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። የመኪና አንቲፍሪዝ ደግሞ መርዝ ነው፤ ጠብታውም ወደ ዶሮ ውሃ እንዳይጠጋ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርጥበት። ዶሮ ቤት ውስጥ የሚፈስና የሚተን ውሃ ከብርዱ ጋር ተባብሮ አናቷ ላይ ያለውንና አገጯ ሥር የተንጠለጠለውን ቀይ ሥጋ ያስመታል፤ ጫፉ ጠቁሮ ይረግፋል። በካናዳዋ ኩቤክ የኦካ ገዳም መነኩሴ የነበሩት ወንድም ዊልፍሬድ ሻትላን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሻንትክሌር የተባለውን ዝርያ ሲያዳቅሉ፣ ይህ ቀይ ሥጋ እጅግ እንዲያንስ ያደረጉት ለዚህ ነው። ሌላ ዝርያ ያለው ሰው መጠጫውን ከተቻለ ከማደሪያው ውጭ፣ ነፋስ በማይመታው ጥግ ያኑረው፤ ቤቱም ከጣሪያው ሥር አየር የሚወጣበት ክፍተት ይኑረው።

መቀመጫውንና ገመዱን ኖቬምበር ሳይገባ ሰክታችሁ ሞክሩ። የጎማውንም ገበታ ያኔውኑ ሁለት አድርጋችሁ ግዙ፤ አንዱ ደጅ ሲሆን ሌላው ቤት ውስጥ በረዶው ይቀልጥለታል።