በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ማገዶን ስለ መቆጠብና ፍግን ለማሳ ስለ ማትረፍ

የእርሻ ብርታት የሚጀመረው ከማሳ ብቻ አይደለም፤ ከማድቤትም ይጀመራል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ያለውን ኑሮ ለተመለከተ ሰው ይህ ነገር በግልጥ ይታየዋል። አገሩ ከፍ ያለና ብርዳም ስለ ሆነ እሳት ማታም ጧትም ያስፈልጋል፤ ዛፉ ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ እየተመነጠረ ስለ ሳሳ፣ በብዙ ቤት የሚነደው የከብት ኩበት ነው። ስለዚህ ለገብሱ ምግብ መሆን የሚገባው ፍግ በምድጃ ውስጥ ጢስና አመድ ሆኖ ይቀራል። ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው ቆላም የማሽላው አገዳ ለከብት መኖ መሆኑ ቀርቶ ለማገዶ ሲውል ይታያል።

ኩበት በነደደ ጊዜ አፈርን የሚያለሰልሰውና ውሃ የሚያስይዘው ክፍል ይቃጠላል፤ ቅጠልን የሚያለመልመው ናይትሮጅን የሚባለው ምግብም አብዛኛው ከጢሱ ጋር ይጠፋል። በአመዱ ውስጥ የሚተርፉት ፎስፎርና ፖታስ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ አመዱ በደጅ ሲደፋ ጎርፍ ይወስዳቸዋል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም መሬቱ ይከሳል፤ የተዳፋቱም አፈር በቀላሉ ይታጠባል። ከዚህ በኋላ ባለ ይዞታው ማዳበሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ይኸውም ከገዛ ከብቱ ያገኘውን አንድዶ ሌላውን በዋጋ መለወጥ ማለት ነው።

ከቤት ሥራ ሁሉ ይልቅ ብዙ ማገዶ የሚፈጀው እንጀራ መጋገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በሚነድ ክፍት እሳት ከሚገኘው ሙቀት ወደ ድስቱ ወይም ወደ ምጣዱ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ነው። እርግጥ በብርድ አገር እሳት ቤቱንም ያሞቃል፤ ነገር ግን በመጋገሪያው ሰዓት የሚነደው ለሙቀት ከሚፈለገው በጣም ይበልጣል። ጢሱም የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳምባ ይጎዳል። ይህንን ጥፋት ለመቀነስ ብዙ ወጪ የማያስፈልጋቸው የሚከተሉት ሥራዎች ይጠቅማሉ።

1ኛ፤ ምጣዱን ዙሪያውን መክበብ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከስሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚቀረጽ ሲሆን፣ እሳቱን ከምጣዱ በታች ዘግቶ ይይዘዋል። በስተኋላው በሚወጣው ትኩስ ጢስ ላይም ማሰሮ ወይም ድስት ማስቀመጫ አለው። ይህ ምድጃ ከክፍት እሳት ጋር ሲመዛዘን የማገዶውን እኩሌታ እስከ ማዳን ይደርሳል። ስሚንቶ በማይገኝበት ስፍራ ከጭድ ጋር በደንብ የተቦካ ጭቃ ምጣዱን ቢከበው፣ እንደ ምርጥ ምድጃው ባይሆንም ነፋሱን ከልክሎ ብዙ ይረዳል።

2ኛ፤ ማገዶን ማድረቅ። እርጥብ ኩበትና እርጥብ እንጨት ሙቀታቸውን በውስጣቸው ያለውን ውሃ ለማትነን ይጨርሱታል። ስለዚህ የክረምቱ ማገዶ በበጋ ተሰብስቦ፣ እንጨቱም ተፈልጦ፣ ጣራ ካለው ስፍራ ይከማች።

3ኛ፤ እሳቱን በአንድ ጊዜ መጠቀም። ምጣድ ለመጋል ብዙ ማገዶ ስለሚወስድ፣ ጥቂት በጥቂት ከመጋገር ይልቅ የብዙ ቀን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል፤ አክንባሎውም በደንብ የሚገጥም ይሁን። እንጀራው ካለቀ በኋላ ምጣዱ ሳይበርድ ቆሎ ይቆላበት፤ ፍሙም ውሃ ያሙቅ። ባቄላና ሽምብራ ማታ ተዘፍዝፎ ቢያድርና ድስቱ ተከድኖ ቢበስል እሳቱ ያጥራል።

4ኛ፤ የተረፈውን ለማሳ መመለስ። ከማገዶ የተረፈው እበት፣ የበረቱ አዛባ፣ አረሙና የቤቱ ጥራጊ በጉድጓድ ተደርቦ፣ አፈር ለብሶ ይብሰል። አመዱም ከዝናብ ተጠብቆ በጓሮው ይበተን።

5ኛ፤ የማገዶ ዛፍ መትከል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ ኩበቱን ከእሳት ያድናል፤ ነገር ግን ውሃ ብዙ ስለሚጠጣ ከምንጭና ከገብስ ማሳ ርቆ ይተከል።

የመንዝ ሕዝብ ለነገ ማሰብን ከማንም የሚማር አይደለም። በመንዝ ጌራ ያለውን ከፍተኛውን የጓሳ ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆየው ቄሮ በተባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣርና ማገዶው ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና፣ በሕዝቡ ስምምነት በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፈት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በሌላ ማኅበር ጥበቃውን አስቀጥሎ፣ ጓሳ ዛሬም የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። በየቤቱ የሚቆጠበው ማገዶ ለእንዲህ ያለው ምድር ሁለተኛ አጥር ይሆነዋል።

እንግዲህ ይህ ሥራ በአዋጅና በቅጣት የሚሆን አይደለም፤ እሳቱን የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናትና፣ ዓይቷ ካላመነችበት ምድጃው ተሠርቶ ይፈርሳል። በቻይና ከ1982 እስከ 1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ የተሻሻሉ ምድጃዎች በየቤቱ የገቡት፣ ሥራው ለየወረዳው ሹማምንት ተሰጥቶ፣ የአገሩ ሠሪዎችም ሠልጥነው ነው። ስለዚህ የአገር ገዥና የወረዳ ሹም አስቀድሞ በገዛ ማድቤቱ ያሠራ፤ ሸክላ ሠሪዎችንም ሙያውን እንዲማሩ ይርዳ። ከዚያም አንድ ዓይነት ልክ ያለው ሊጥ በክፍቱ እሳትና በተከበበው ምድጃ ተጋግሮ፣ በሁለቱም የነደደው ኩበት በሕዝብ ፊት ይቈጠር። ባለ ይዞታውም በተረፈው ፍግ አንድ የገብስ ትልም አልብሶ፣ ጎን ለጎን ካላለበሰው ጋር ያስተያይ። መከር በደረሰ ጊዜ ማሳው ራሱ ይመሰክራል።