ብሎኑን የሚሸከመው አጥንት

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጥርስ ለማስተከል አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ ከማሾና ከሽንኩርት ማሳው የሚባክነው የሥራ ቀን ሲደመር፣ ሐኪሙን አስቀድሞ «በአንድ ጉዞ ያልቃል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቀጥሎ የሚጠይቀው ምናልባት ብሎኑ የየት አገር ሥሪት እንደሆነ ይሆናል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን የጉዞውን ቁጥር መወሰን ያለበት ብሎኑ የሚገባበት የመንጋጋ አጥንት ነው እላለሁ፤ የመንገዱ ርዝመትም የፋብሪካው ስምም ከእሱ በኋላ ይመጣሉ።

የጥርስ ተከላ፣ በብዙዎች አፍ ኢምፕላንት፣ በተነቀለው ጥርስ ሥር ቦታ ትንሽ የታይታኒየም ብሎን አጥንቱ ውስጥ አጥብቆ በላዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ መግጠም ነው። መነሻው ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ላይ ያስተዋለው ነገር ነው፤ ለምርምር ያስገባው ታይታኒየም ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ አልነቀል አለው። በ1965 የመጀመሪያው ሰው ታከመበት። ይህ ውህደት ጥቅሙ ትልቅ ቢሆንም የሚያስከፍለው ነገር አለ። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በቀጭን የጅማት ሽፋን ስለሆነ፣ የማሽላ ቆሎ ስንቆረጥም በዓይን በማይታይ መጠን ረገብ ብሎ ጫናውን ያበርዳል። ብሎኑ ይህ ሽፋን የለውም፤ የማኘክ ኃይሉ ሳይበርድ በቀጥታ አጥንቱ ላይ ያርፋል።

አጥንቱ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ውጩ ጠጣር ቅርፊት ነው፤ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ሌክሆልምና ዛርብ የተባሉ ባለሙያዎች በ1985 በአራት ደረጃ መድበውታል፤ የመጀመሪያው ከሞላ ጎደል ሁለንተናው ጠጣር ሲሆን፣ አራተኛው ስስ ቅርፊት የሸፈነው የሳሳ አጥንት ነው። የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ብዙ ጊዜ ጠጣር፣ የላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ብዙ ጊዜ ሳሳ ያለ ነው። የታይታኒየም ግትርነት 110 ጊጋፓስካል ገደማ ይደርሳል፤ የቅርፊቱ 14 አካባቢ ነው፤ የውስጠኛው አጥንት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 አይበልጥም። ኃይል የሚያመራው ወደ ግትሩ ነውና በኮምፒውተር ሲሰላ ጫናው ይበልጥ የሚከማቸው ብሎኑ ከድዱ ሥር ቅርፊቱን በሚሻገርበት አንገት ዙሪያ ነው። ወፍራም ቅርፊት ይችለዋል። ቅርፊቱ ሲሳሳ ግን ያው ጫና በትንሽ አጥንት ላይ ይወርዳል፤ የተረፈውም ወደ ውስጥ ዘልቆ የሳሳውን አጥንት ይለምጠዋል። በሸክላ አፈር የተተከለ ካስማና በሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ የተተከለ ካስማ ወደ ጎን ሲገፉ የሚሆኑትን ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ከሁሉ የሚያሳስቡት የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው፤ ብሎኑ ገና ሳይዋሃድ ከ150 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ ከተነቃነቀ፣ ዙሪያውን የሚሞላው አጥንት መሆኑ ቀርቶ ለስላሳ ጠባሳ ይሆናል። እንዲህ ያለ ብሎን አይያዝም።

ይህ ሁሉ ስሌት ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የኮምፒውተር ሞዴል አጥንቱን ወጥ፣ ብሎኑን ሙሉ በሙሉ የተዋሃደ አድርጎ ስለሚገምት ቁጥሩን እንዳለ መቀበል ስህተት ነው። አቅጣጫውን ግን የታካሚዎች መዝገብ ይደግፈዋል። ጃፊንና በርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 ከ1,000 በላይ ብሎኖችን የ5 ዓመት ውጤት ሲያወጡ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች የከሸፈው 3 ከመቶ ሲሆን በአራተኛው 35 ከመቶ ነበር። ያ የለስላሳ ብሎን ዘመን ነው፣ ዛሬ ገጹ የሻከረ ነው የሚለው መከራከሪያ የበለጠ ክብደት አለው፤ ልዩነቱም በእርግጥ በጣም ጠብቧል። የጠበበው ግን በብሎኑ ብቻ አይደለም። ሐኪሞች በሳሳ አጥንት ላይ ቀዳዳውን ከብሎኑ ጠበብ አድርገው መሰርሰርን፣ ጥርሱን ለመግጠም መታገሥን ተምረዋል። ጠጣር አጥንትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሲሰረሰር ይግላል፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰም ይጎዳል። ሐኪሙ ሲሰረስር ውኃ የሚያፈሰው ለዚህ ነው።

በይፋት ቆላ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ሌላ የጤና ጉዳይ ሞልቷል፣ ተከላ የጥቂቶች ነው ቢባልም አልቃወምም። ነገር ግን አጥንቱ የሚጠፋው ማንም ሰው ጥርሱን ከተነቀለበት ቀን ጀምሮ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የስፋቱ ግማሽ ያህል ሊሟሽሽ ይችላል። ማጨስም ተከላው የመክሸፍ ዕድሉን ይጨምራል፤ ትምባሆ በሚመረትበት በሸዋ ሮቢት አካባቢ ይህን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። እንግዲህ ታችኛው የፊት ጥርስ ለጎደለው፣ አጥንቱ በሲቲ ስካን ታይቶ ብሎኑ ሲጠብቅ በቂ ጥንካሬ ካሳየ፣ ጊዜያዊ ጥርስ በዚያው ጉዞ ሊገጠም ይችላል። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ለጎደለው ግን ሐኪሙ ከአራት እስከ ስድስት ወር ቆይተህ ተመለስ ቢለው ከሕክምናው ዋና ክፍል አንዱ ያ ጊዜ ነው፤ የሁለተኛው ጉዞ ወጪም ገና ከመነሻው ከብሎኑ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።