ያውቁ ኖሯል? የጅቡቲ ትልልቅ ቤቶች

ጅቡቲ ሲባል ለብዙዎቻችን ወደብ፣ ወበቅና የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። ሕንፃዎቿን ቀና ብሎ ላየ ግን ከተማዋ የማን ገንዘብ እንዳለፈባት ትናገራለች። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? በጅቡቲ ከተማ በፈረንሳይኛው «ፓሌ»፣ ማለትም ቤተ መንግሥት፣ ለመባል ርእሰ ብሔር ማኖር ግድ አይደለም። የፕሬዚዳንቱ ግቢ እንዲህ መባሉ የሚጠበቅ ነው። «ፓሌ ዱ ፐፕል» ግን የሕዝብ ስብሰባና ዝግጅት የሚካሄድበት ነው፤ እኛ ብንሆን አዳራሽ ብለን እናልፈው ነበር። «ጅቡቲ ፓላስ ኬምፒንስኪ» ደግሞ ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚያድርበት ሆቴል ነው። በዱባይ ባለሀብቶች ገንዘብ ተገንብቶ ለ2006 የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) መሪዎች ጉባኤ ደረሰ። ማዕረጉ በርከት ብሎ የታደለ ይመስለኛል።

ያውቁ ኖሯል? የመሃል ከተማው የጥንት ቤቶች ድንጋይ ከባሕር የወጣ ነው። ፈረንሳዮች በ1888 ከተማዋን ሲቆረቁሩ ቅርብ የነበረው ኮራል ነው፤ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ተጠራቅሞ ድንጋይ የሆነ። ቀዳዳ ስለሚበዛው ቀላል ነው፤ በኖራ ተለስኖ ነጭ ይቀባል። ልስኑ የረገፈበት ግድግዳ ዘንድ ተጠግተው ቢያዩ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። ከቤቶቹ ፊት በቅስት የተያዘ ሰፊ በረንዳ አለ፤ መንገደኛው ፀሐይ ሳይመታው ከሱቅ ሱቅ ይሻገራል። በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ አገር ይህ ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም። መስተዋት የለበሱት አዳዲስ ፎቆች ነገሩን ለኤር ኮንዲሽነር ትተውታል።

ያውቁ ኖሯል? እነዚህ ቅስቶች የከበቡት አደባባይ የምኒልክ አደባባይ ይባል ነበር። ጅቡቲ ነፃ ስትወጣ «ሰኔ 27 ቀን 1977» የሚለው የነፃነት ቀን ስም ተሰጠው፤ የቀድሞው ስምም ጨርሶ ከሰው አፍ አልጠፋም። የቅኝ ግዛቱን መቀመጫ ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ያዛወረው ገዥ ሌዎንስ ላጋርድም ከአፄ ምኒልክ «የእንጦጦ መስፍን» የሚል ማዕረግ ተቀብሏል። ፈረንሳዊ፣ ያውም የእንጦጦ!

ያውቁ ኖሯል? የከተማዋ መለያ የሆነውን የሐሙዲ መስጊድ በ1906 ያሠራው መንግሥት ሳይሆን የየመን ነጋዴ ነው። ዛሬም አንድ ሚናሬቱን ይዞ በማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ፣ ከገበያውና ከሚኒባሱ ግርግር መሃል ቆሟል። በ2019 የቱርክ ሃይማኖት ጉዳዮች ተቋም ያሠራው የሱልጣን ዳግማዊ አብዱልሐሚድ መስጊድ 6,000 ያህል ሰጋጆች ሲይዝ፣ ሁለቱ ሚናሬቶቹ 46 ሜትር ይረዝማሉ። በቁመት የሐሙዲ አይወዳደረውም። በፖስትካርድ ላይ ግን ማን እንደሚቀድም ከተማዋን የሚያውቅ ያውቃል።

ያውቁ ኖሯል? የካቶሊኮቹ ካቴድራል የቅኝ ግዛቱ መባቻ ሥራ አይደለም፤ የ1964 ነው።

ያውቁ ኖሯል? የእኛን ለገሃር ስሙን ያወረሰችው ፈረንሳይኛዋ «ላ ጋር» ናት፤ ጣቢያ ማለት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነበር፤ 784 ኪሎ ሜትር። የሚያምረው የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው ግን ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ፣ በ1929 ነው። በ1936 አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ መስመር ወርደው፣ ግንቦት 4 ቀን ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ።

ያውቁ ኖሯል? ቻይናዎች የሠሩት አዲሱ ሐዲድ ከተማው መሃል አይገባም። የድሮው ጣቢያ በፕላቶ ሰፈር ነበር፤ በጥር 2017 የተመረቀው የናጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአየር ማረፊያው በኩል ነው። ስፋቱንና ግርማውን አይተው ሲያበቁ፣ ሻንጣዎን ይዘው መሃል ከተማ ለመግባት ታክሲ መጠየቅ አይቀርልዎትም። ዋጋውን ሳይሳፈሩ ይነጋገሩ።