ስለ ውስጠኛው ግራፊክስ

በጥቂት ገንዘብ የኮምፒዩተር ጨዋታ መጫወት የሚሻ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ይኸውም ወይ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተዋሕዶ በሚኖረው ግራፊክስ መጠቀም፣ ወይም ርካሽ የግራፊክስ ካርድ ለብቻው ገዝቶ መሰካት ነው። ለካርዱ ጠበቃ ሞልቶለታል፤ እኔ ያለ ጥፋቱ ስለሚወቀሰው ስለ ውስጠኛው ልመስክር።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር ቬጋ የተባለውን ግራፊክስ በውስጡ ይዞ፣ ዶታ 2ንና ቫሎራንትን የመሳሰሉትን ጨዋታዎች ያለ ካርድ ረዳትነት ያጫውታል። ደካማ ነው የሚሉት ሰዎች ግን ድካሙ ከወዴት እንደ መጣ አይመረምሩም። ካርድ የግል ሜሞሪ ሲኖረው፣ ውስጠኛው ግራፊክስ በኮምፒዩተሩ ራም ከፕሮሰሰሩ ጋር እንደ ደባል ስለሚኖር፣ ራሙ ከበቃው በኋላ ኃይሉን የሚወስንለት የራሙ ብዛት ሳይሆን መረጃ የሚያቀብልበት ፍጥነት ነው። ዲዲአር4 3200 የተባለው ራም ነጠላውን ሲሰካ ቢበዛ በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት ያቀብላል፤ ሁለት ሆኖ በሁለት መስመር ሲሰካ ግን 51.2 ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራምና ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራሞች በመጠን አንድ ሲሆኑ በግብር እጅግ ይለያያሉ።

አንድ ወጣት ዘመዴ ጨዋታው እየተንቀረፈፈ ስላስመረረው ካርድ ለመግዛት ሲሰናዳ ሣጥኑን ከፍቼ ባየው፣ ሻጩ ነጠላ ራም ሰክቶ ሰጥቶት ኖሯል፤ ያንኑ በሁለት ብንለውጠው ጨዋታው ተቃና፣ የካርዱም ነገር ቀረ። ሁለት ራም ገዝተው ጎን ለጎን በመሰካት ድካማቸውን ከንቱ የሚያደርጉትንም ሳልገሥጽ አላልፍም፤ ማዘርቦርዱ 4 መሰኪያ ካለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ነውና፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ማንበብ ምን ይከብዳል?

ከባድ ጨዋታ የሚወድ ሰው ካርድ መግዛቱ ተገቢ ነው፤ ጂቲኤክስ 1650 የተባለው ካርድ ቢያንስ በሴኮንድ 128 ጊጋባይት የሚያቀብል የግል ሜሞሪ ስላለው የ5600ጂው ውስጠኛ ግራፊክስ አይደርስበትም። ነገር ግን ካርድ ሁሉ ካርድ አይደለም። ጂቲ 1030 በአንድ ስም በሁለት ዓይነት ሜሞሪ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ጂዲዲአር5 ያለው 48 ጊጋባይት ሲያቀብል፣ ዲዲአር4 ያለው 16.8 ብቻ ስለሚያቀብል፣ ከላይ ከነቀፍነው ከነጠላው ራም እንኳ ያንሳል። ስለዚህ ገዢው ዋጋ ከመቁረጡ አስቀድሞ በካርዱ ሣጥን ላይ የተጻፈውን የሜሞሪ ዓይነት ያንብብ፤ ሣጥኑም ከሌለ ሻጩ ካርዱን ሰክቶ በኮምፒዩተር ላይ እንዲያሳየው ይጠይቅ።