ራሱን ስለ ተመታ ሰው ዕረፍትና አጠባበቅ

ሰው ከፈረስ ወይም ከደረጃ ወድቆ፤ በኳስ ጨዋታ ተጋጭቶ ወይም በገና ዱላ ራሱን ተመትቶ በተነሣ ጊዜ ቤተ ዘመድ ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ደም መፍሰሱንና አጥንት መሰበሩን ነው። ይህ ከሌለ «ተመስገን፤ ምንም አልሆነም» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። እኛ ግን ዛሬ ለየቤተ ሰቡ ልናሳስብ የምንወደው፤ ደም የማይፈስበት፤ ከውጭም የማይታይ ጉዳት መኖሩን ነው። ይኸውም የአንጎል መናወጥ ነው።

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከብቦ የሚኖር ለስላሳ አካል ስለ ሆነ፤ ራስ በድንገት በተመታ ጊዜ እርሱም በውስጥ ይናወጣል። ከዚህም የተነሣ ራስ ምታት፤ ማዞር፤ ማቅለሽለሽ፤ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፤ መርሳትና ቍጣ ይመጣሉ። ለዚህም የግድ ራስን መሳት አያስፈልግም። ጉዳቱ በአንጎል አሠራር ላይ ነውና በሲቲ ስካን ሲመረመር ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም።

ስለዚህ የተመታው ሰው አስቀድሞ በሐኪም ይታይ። ደጋግሞ ቢያስታውክ፤ ራስ ምታቱ እየባሰ ቢሄድ፤ ቢያንቀጠቅጠው፤ ንግግሩ ቢተሳሰር፤ እጁ ወይም እግሩ ቢዝል፤ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ንጹሕ ፈሳሽ ቢወርድ፤ ወይም ከእንቅልፉ መንቃት ቢያቅተው፤ ሳይውሉ ሳያድሩ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

ሐኪሙ አይቶ ወደ ቤቱ ከሰደደው በኋላ ግን ዋናው መድኃኒት ዕረፍት ነው። «እንቅልፍ ይከልከል» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሐኪም ካየው በኋላ እንቅልፍ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓቶች ከብርቱ ሥራ፤ ከብዙ ንባብና ከእጅ ስልክ ይራቅ። ጠጅና ዐረቄ አይቅመስ፤ መኪናም አይንዳ። አስፕሪንንም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይዋጥ።

ዕረፍት ማለት ግን በጨለማ ቤት ተዘግቶ መክረም አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፤ በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን ሐኪሞች ከ11 እስከ 22 ዓመት ያሉ ወጣቶችን በሁለት ከፍለው ቢመረምሩ፤ አምስት ቀን በብርቱ ዕረፍት የቈዩት አንድና ሁለት ቀን ካረፉት ይልቅ ብዙ የሕመም ምልክት ተናገሩ። በ2022 ዓ.ም. በአምስተርዳም የተሰበሰቡት የስፖርት ሐኪሞችም በሁለት ቀን ውስጥ እንደ እግር ጉዞ ያለ ቀላል እንቅስቃሴ መጀመር እንደሚረዳ ተስማምተዋል።

እንግዲህ ወደ ሥራ መመለስ በደረጃ ይሁን። ባለ ሥልጣኑ ጥቂት ደብዳቤ አንብቦ ይረፍ፤ ቀጥሎ ግማሽ ቀን ይሥራ፤ ሕመሙ ከበረታበት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለስ። ልጅም ከኳስ በፊት ወደ ትምህርቱ ይመለስ። ፈረስ መጋለብና ብርቱ ጨዋታ ግን ሐኪም እስኪፈቅድ ይቈይ፤ የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት ቢጨመር አደጋው እጅግ የከፋ ነውና።

የታመመን መጠየቅ የአገራችን መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ራሱን ለተመታ ሰው፤ ቤት ሙሉ ጠያቂና እስከ ማታ የሚዘልቅ ጨዋታ ድካም ይሆንበታል። ስለዚህ ጠያቂዎች ጥቂት ጥቂት ሆነው ይግቡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እግዜር ይማርህ» ብለው ፈጥነው ይውጡ።

ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው ይህ ነው። ፋሻ ያላሠረውን ሰው «ሰነፈ፤ ጠባዩ ተለወጠ» ብሎ መውቀስ ሕመሙን ያብስበታል። አባት በትንሽ ነገር ቢቈጣ፤ ልጅም ትምህርቱን ቢረሳ፤ የቤተ ሰቡ ትዕግሥት ያን ጊዜ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ዐዋቂዎች በሁለት ሳምንት፤ ልጆችም በአራት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ፤ ከዚህ ያለፈበት ወደ ሐኪሙ ይመለስ። የማይታየውን ቍስል የሚያምን ቤተ ሰብ ለታመመው ግማሽ መድኃኒት ሰጠው ማለት ነው።